ኤልኒኞ ለማን ድርቅ፣ ለማን ጎርፍ?

የኤልኒኞ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ከተለመደው በላይ መሞቅ፣ ትንበያ በዜና በተሰማ ቁጥር የሚከተለው ወሬ አንድ ዓይነት ነው፤ «ዘንድሮ ድርቅ ነው» ይባላል። ተቃራኒው መቀዝቀዝ፣ ላኒኛ፣ ሲባል ደግሞ ሰው እፎይ ይላል። ይህ አስተሳሰብ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። በ2015 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተከሰተው ብርቱ ኤልኒኞ የኢትዮጵያን ክረምት አመንምኖ 10.2 ሚሊዮን ሰው ለምግብ እርዳታ ዳርጓል። ይሁን እንጂ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በቦረና፣ በሶማሌ ክልል፣ በሰሜን ኬንያና በሶማሊያ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የሰፈነው ላኒኛ ነበር። በ2023 ኤልኒኞ ሲመጣ ደግሞ በዚያው ድርቅ ባቃጠለው ምድር ላይ የወረደው ጎርፍ ነው።

ታዲያ ኤልኒኞ የሚያመጣው ምንድን ነው? መልሱ «ለማን?» ብሎ ከመጠየቅ ይጀምራል። የአፍሪካ ቀንድ አንድ ዝናብ የለውም። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ዝናቡ በተለያየ ወር፣ ከተለያየ አቅጣጫ፣ በተለያየ ምክንያት ይመጣል። አገር አቀፍ አማካይ ወይም በአንድ ቃል የተጠቀለለ ማስጠንቀቂያ በዚህ አካባቢ ከሚገልጠው የሚሸፍነው ይበዛል።

ከምድር ወገብ አጠገብ ያለ ደረቅ ምድር

የዓለም ካርታ ዘርግቶ ሶማሊያ ያለችበትን ኬክሮስ በጣቱ የተከተለ ሰው ግራ መጋባቱ አይቀርም። በዚያው መስመር ወደ ምዕራብ የኮንጎ ደን፣ ወደ ምሥራቅ የቦርኒዮ ደን አለ። በምድር ወገብ ዙሪያ ዓመቱን ሙሉ መዝነቡ የተለመደ ሆኖ ሳለ ሶማሊያና ሰሜን ኬንያ በአብዛኛው ደረቅና ከፊል ደረቅ ናቸው። ባሕር ራቃቸው እንዳይባል የሕንድ ውቅያኖስ ደጃፋቸው ላይ ነው።

አንዱ ምክንያት የነፋሱ አቅጣጫ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከደቡብ ንፍቀ ክበብ ተነስቶ ወደ ሕንድ የሚገሰግሰው ብርቱ ነፋስ፣ የሶማሊ ጄት የሚባለው፣ የባሕሩን ዳርቻ ታክኮ ያልፋል እንጂ ወደ የብስ ዘልቆ አይገባም። ሲያልፍም የላዩን ውኃ ከዳርቻው ገፍቶ ከጥልቀት ቀዝቃዛ ውኃ እንዲወጣ ያደርጋል። በቀዘቀዘ ባሕር ላይ ያለ አየር ወደ ላይ ተነስቶ ደመና ለመሆን አቅም ያንሰዋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ ነፋሱ ተገልብጦ ከዓረብ ምድር በኩል ስለሚነፍስ ይዞት የሚመጣው እርጥበት ጥቂት ነው። ለዝናብ የሚመቹት በሁለቱ የነፋስ ወቅቶች መሀል ያሉት አጫጭር የሽግግር ወራት ብቻ ይሆናሉ።

ሌላው ተራራው ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ከምድር ጥልቀት የወጣ የጋለ ዐለት የኢትዮጵያን ምድር ወደ ላይ አንስቶ በወፍራም የባዝልት ንጣፍ ሸፈነው፤ ኋላም ምድሩ ተሰንጥቆ ስምጥ ሸለቆ ሆነ። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ራስ ዳሸን፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ እስከሚለው የዳሎል አካባቢ ያለው የአየር ላይ ርቀት 250 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በደቡብ በኩል ደግሞ የኢትዮጵያና የኬንያ ከፍታዎች ፊት ለፊት ቆመው በመሀላቸው የቱርካና ዝቅተኛ ምድር ክፍት ቀርቷል። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው አየር በዚህ ክፍተት ተጣቦ በፍጥነት ያልፍና እርጥበቱን ወደ ኮንጎ ተፋሰስ ይዞ ይሄዳል። ቱርካናዎች ደመናው ሲያልፍ ያያሉ፤ ዝናቡ የሌላ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም በላይ ለኤልኒኞ ጉዳይ ያስፈልገናል። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ በተለይ በዓመቱ መጨረሻ ወራት ትልቅ የአየር ዑደት አለ። በኢንዶኔዥያ በኩል ያለው ባሕር ሞቃት ስለሆነ አየር እዚያ ይነሳል፣ ዝናብ ያዘንባል፤ ያ አየር ከላይ ወደ ምዕራብ ተጉዞ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ይወርዳል። የሚወርድ አየር ደመና ይበትናል። የቀንዱ ድርቀት በከፊል የኢንዶኔዥያ ዝናብ ግልባጭ ነው ማለት ይቻላል።

የማን ክረምት?

የሰሜንና የመሀል ኢትዮጵያ ደጋ ዋናውን ዝናብ የሚያገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አስዋን ከሚደርሰው የናይል ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ከፍታዎች የሚወርድ ሲሆን አብዛኛው የዚህ ወቅት ዝናብ ነው። ወደ ቦረና ሲወረድ ግን ክረምት የሚባለው ነገር ይጠፋል። ቦረናዎች ዋናውን ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያገኛሉ፤ በቋንቋቸው «ገና» ይሉታል። ሁለተኛው «ሐገያ» በጥቅምትና በኅዳር ይመጣል። ሶማሌዎች ለእነዚሁ ሁለት ወቅቶች ጉ እና ደይር የሚሉ ስሞች አሏቸው። ጎጃም በሐምሌ ጭቃ ሲያቦካ ያቤሎ ቀዝቃዛና ደመናማ ቢሆንም ዝናብ የለውም። በቀይ ባሕር በኩል ያለው የኤርትራ ተዳፋት ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ በኅዳርና በየካቲት መካከል ከባሕሩ የሚነሳ የራሱ ዝናብ አለው።

የኢትዮጵያ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ዓመቱን በጋ፣ በልግና ክረምት ብሎ በሦስት ይከፍላል፤ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ለደጋው ገበሬ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነውና ስሙ ይስማማዋል። ለሞያሌና ለጎዴ አርብቶ አደር ግን ከእነዚያ ወራት የመጀመሪያዎቹ የግጦሹ ዕጣ የሚወሰንባቸው ናቸው። «በጋው ደረቅ ይሆናል» የሚል ዜና ለአንዱ የምሥራች፣ ለሌላው መርዶ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በልግ ብዙ ጊዜ እንደ ትርፍ ዝናብ ይቆጠራል፤ ይህ ስሕተት ደጋውንም ይጎዳል። ረጅም ጊዜ ወስዶ የሚደርሰው ማሽላና በቆሎ የሚዘራው በሚያዝያና በግንቦት ነው። በወሎና በሐረርጌ ተዳፋት ላይ ያለ ገበሬ በልጉ ከቀረበት ማሽላውን ትቶ ክረምቱ እስኪገባ ይጠብቅና ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ወይም ሽምብራ ይዘራል። ክረምቱ ሠምሮ አገር አቀፉ የዝናብ አማካይ «መደበኛ» ቢባል እንኳ በዚያ ገበሬ ጎተራ የሚገባው እህል ይቀንሳል፤ ለከብቱ ቀለብ፣ ለቤቱም ማገዶ የሚሆነው የማሽላ አገዳም የለም። በወላይታ በልግ ሲከሽፍ በየካቲትና በመጋቢት የሚያልቀውን እህል የሚተካው ስኳር ድንች ይታጣል። በሰኔ መስኩ ለምልሞ፣ ቡቃያው አምሮ እያለ ሕፃናት በምግብ እጥረት ሲጎዱ መንገደኛ ዓይኑን ማመን ያቅተዋል። ይህ ክስተት «አረንጓዴ ረሃብ» የሚል ስም አግኝቷል።

ፓስፊክ ሲሞቅ

ኤልኒኞ የሚባለው የመካከለኛውና የምሥራቁ ሞቃታማ ፓስፊክ የገጽታ ውኃ ከተለመደው በላይ ሞቆ ለወራት ሲቆይ ነው። ሲቀዘቅዝ ላኒኛ ይባላል። ሁለቱም በተወሰኑ ዓመታት ልዩነት ይመላለሳሉ፤ ብዙ ጊዜ በዓመቱ መጨረሻ ይጠነክራሉ። ከእነርሱ ጎን የሕንድ ውቅያኖስ የራሱ ሚዛን አለው፤ የሕንድ ውቅያኖስ ዳይፖል ይባላል። የውቅያኖሱ ምዕራብ፣ ማለትም የእኛ በኩል፣ ሞቆ የኢንዶኔዥያው በኩል ሲቀዘቅዝ ዳይፖሉ አዎንታዊ ነው ይላሉ፤ ሲገለበጥ አሉታዊ።

አሁን ነገሩን እንግጠመው። በኤልኒኞ ዓመት ሞንሱን የሚባለው የሕንድ የክረምት ነፋስና ዝናብ ይዳከማል፤ ከእርሱ ጋር የተሳሰረው ወደ ኢትዮጵያ ደጋ እርጥበት የሚያስገባ የነፋስ ሥርዓትም አብሮ ይላላል። ስለዚህ ክረምት ይሳሳል። ከወራት በኋላ ግን፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ያ በኢንዶኔዥያ የሚነሳና በእኛ በኩል የሚወርድ ዑደት ይዳከማል፤ ዳይፖሉም አዎንታዊ ከሆነ ጨርሶ እስከ መገልበጥ ይደርሳል። አየሩ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ይነሳል፣ ደይርና ሐገያ ይጠነክራሉ። አንዱ የፓስፊክ ሙቀት በሰኔ ከሰሜኑ የነፈገውን በጥቅምት ለደቡቡ ከልክ በላይ ይሰጣል። በላኒኛ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው። በ2020 ክረምት የአዋሽ ወንዝ ሞልቶ አፋርን ሲያጥለቀልቅ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደቡቡ የረጅሙን ድርቅ የመጀመሪያ ወቅት ጀምሮ ነበር።

ግንኙነቱ ግን ሕግ አይደለም፤ ዝንባሌ ነው። በ2019 ብርቱ ኤልኒኞ ሳይኖር ዳይፖሉ ብቻውን በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ካልታየ ደረጃ ደርሶ ምሥራቅ አፍሪካን አጥለቀለቀ። እርጥበቱ ቀድሞ በዓረብ ልሳነ ምድር በረሃ የተራባውን የበረሃ አንበጣ መንጋ ተቀብሎ አበዛው፤ ኬንያ ለ70 ዓመታት ያላየችውን ወረራ አየች። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ደግሞ ከኤልኒኞ ጋር ያለው ቁርኝት ደካማ ነው። የትንበያ ባለሙያዎች ከሁሉም የሚቸገሩት በዚህ ወቅት ላይ መሆኑን ማወቅ ለአንባቢ ይጠቅማል፤ የቦረናም ሆነ የሶማሌ ዋና ዝናብ ይኸው ነውና።

ሳይዘንብ የሚመጣ ጎርፍ

የዋቢ ሸበሌ ወንዝ ከባሌና ከአርሲ ከፍታዎች ተነስቶ ኦጋዴንን አቋርጦ ሶማሊያ ይገባል። ከድንበሩ አልፎ የሚያገኘው የመጀመሪያው ትልቅ ከተማ በለድወይን ነው። ወንዙ ከተማዋን ጠምዝዞ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ቤቱም፣ ገበያውም፣ የእርሻ ማሳውም በዚያ መታጠፊያ ዙሪያ የሰፈረ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ወርዶ ሞቃዲሾ አካባቢ ሲደርስ ባሕሩ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቀርቶት ይጠመዘዝና ከዳርቻው ጎን ለጎን ይጓዛል፤ በአብዛኞቹ ዓመታት በረግረግና በአሸዋ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም።

በለድወይን የምትጥለቀለቀው ብዙ ጊዜ በራሷ ዝናብ አይደለም። በሶማሊያ ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ወንዞች፣ ሸበሌና ጁባ፣ ውኃቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከኢትዮጵያ ከፍታዎች ነው። ባሌ ላይ የዘነበው ከቀናት በኋላ እዚያ ይደርሳል። በግንቦት 2023፣ የአምስት ወቅቶች ድርቅ ገና ሳይረሳ፣ ወንዙ ድንገት ሞልቶ ከተማዋን ዋጠ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር በኤልኒኞና በአዎንታዊ ዳይፖል የታገዘው ዝናብ እንደገና መጣና አብዛኛው ነዋሪ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ድርቅ ያጠነከረው መሬት ውኃ ቶሎ አይመጥም። ከብታቸው ያለቀባቸው ቤተሰቦችም ሥራና እርዳታ ፍለጋ በወንዝ ዳር ከተሞች ዝቅተኛ ቦታዎች ላይ በላስቲክና በጨርቅ መጠለያ ሰፍረው ነበር። ድርቁ ሰዎችን ገፍቶ ጎርፉ በሚያልፍበት መንገድ ላይ አስቀመጣቸው።

የዝናብ መብዛት የሚያስከትለው ጉዳት በውኃ ብቻ አያበቃም። በ1997 መጨረሻ የታየው እጅግ ብርቱ የኤልኒኞ ዝናብ ትንኞችን አራብቶ በኬንያና በሶማሊያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለውን የእንስሳትና የሰው በሽታ አስነሳ። ሳዑዲ ዓረቢያ በ1998፣ ቀጥሎም በ2000 ከቀንዱ የቁም እንስሳት እንዳይገቡ አገደች። በበርበራ ወደብ ለሐጅ ሰሞን የሚጫነው በግና ፍየል የሶማሌ አርብቶ አደር ዋና የገንዘብ ምንጭ በመሆኑ፣ ሣሩ ተርፎ፣ ከብቱ ሰብቶ ሳለ ገበያው ተዘጋ።

ድርቅ የት ላይ ረሃብ ይሆናል?

በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ጎራዎች አሉ። አንዱ ዝናቡን፣ ሌላው መንግሥትንና ጦርነትን ይከሳል። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሁለቱንም ያስተናግዳል፤ ዝናቡ በእርግጥ ከሽፏል፣ ነገር ግን በትግራይና በወሎ ጦርነቱ መንገድና ገበያ ዘግቶ ነበር። ይበልጥ ጥርት ያለ ንጽጽር የምትሰጠን ሶማሊያ ናት። ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ሁለት ወቅቶች በከሸፉበት ድርቅ 258,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል፤ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ። የደቡቡን አብዛኛውን ክፍል የተቆጣጠረው አል ሸባብ በርካታ የእርዳታ ድርጅቶችን አግዶ ነበር፤ እርዳታውም የዘገየ ነበር። ከ2020 እስከ 2022 የከሸፉት ወቅቶች አምስት ሆነው ሳለ ረሃብ በይፋ አልታወጀም። ይህ ማለት ሰው አልሞተም ማለት አይደለም፤ በ2022 ብቻ ከተለመደው በላይ 43,000 ያህል ሞት እንደነበር ተገምቷል። ሆኖም ዝናቡ የከፋ ሆኖ ሞቱ ማነሱ፣ በዝናብና በሞት መካከል ሌላ ነገር እንዳለ ያሳያል።

ያ ሌላ ነገር በአርብቶ አደሩ ዘንድ አንዱ መንቀሳቀስ ነው። በቦረና ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ለዘመናት የደረቅ ወራት ዋስትና ናቸው። ወጣቶች በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው ኦኮሌ በሚባል የቆዳ ባልዲ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ፣ በዜማ እየተጋገዙ ወደ ገንዳው ያወጡታል። የትኛው መንጋ በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ተራውን የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አለ። ሥርዓቱ የሚሠራው ግን ከጉድጓዱ በሚራመድ ርቀት ግጦሽ ካለ ነው። ከ2020 በኋላ በነበረው ድርቅ በብዙ ቦታ ውኃ እያለ ሣር ስላልነበረ ከብት አለቀ። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሶማሊያ በድምሩ ከ13 ሚሊዮን በላይ እንስሳት እንደሞቱ ተገምቷል።

አፋር ታሪኩ የተለየ ነው። አፋሮች በበጋ የሚያፈገፍጉት ወደ አዋሽ ዳር ነበር። የቆቃ ግድብ በ1960 ከተሠራ፣ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣንም በ1962 ከተቋቋመ በኋላ ያ የወንዝ ዳር ግጦሽ እየተቆረሰ ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻ ዋለ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጥላና አፈር መያዣ ይሆናል ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ ዛፍ ደግሞ ከቁጥጥር ውጪ ተዛምቶ ዛሬ በአፋር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዟል። በጥሩ ዓመት መሬቱ ብዙም የማያስፈልግ ይመስላል፤ በመጥፎ ዓመት ግን ሕይወት የሚያተርፈው እርሱ ነበር።

«አርብቶ አደሩ ይስፈር፣ ይረስ» የሚሉ ወገኖች ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለሚንቀሳቀስ ሕዝብ ማዳረስ ከባድ ነው፤ ሕዝቡ በዝቷል፣ ግጦሹ ጠቧል። ይሁን እንጂ በሚዋልል ዝናብ ላይ በቆሎ መዝራት ከፍየል ማርባት የባሰ ቁማር ነው፤ ፍየል ወደ ዝናቡ ይሄዳል፣ በቆሎ ዝናቡን ይጠብቃል። እንደ እኔ ግምት የሚያስኬደው መንገድ ሰውን ከመንቀሳቀስ ማስቆም ሳይሆን የመንቀሳቀሻ መስመሮችንና የክፉ ቀን ግጦሽን በሕግ መጠበቅ ነው። ለዚህ ደግሞ ወንዝ ዳሩን ለመስኖ የሚፈልገው ወገን ዋጋ መክፈል ይኖርበታል፤ ጉዳዩ ከቴክኒክ ይልቅ የፖለቲካ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ይረጥባል ወይስ ይደርቃል?

የአየር ንብረት ሞዴሎች በአብዛኛው ምሥራቅ አፍሪካ በሙቀት መጨመር ይበልጥ እርጥብ እንደሚሆን ይተነብያሉ። ከ1980ዎቹ ወዲህ የተለካው ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ መቀነሱን አሳይቷል። ተመራማሪዎች ይህን የምሥራቅ አፍሪካ የአየር ንብረት ቅራኔ ይሉታል። አንዳንዶች የምዕራብ ፓስፊክ መሞቅ ዝናቡን እየጎተተ ወስዶብናል ይላሉ፤ ሌሎች የተፈጥሮ ውጣ ውረድ ነው፣ በ2018፣ በ2020 እና በ2024 የታዩት ዝናባማ ወቅቶች ምስክር ናቸው ይላሉ። ሞዴሎቹ ራሳቸው የባሕሩን ሙቀት በትክክል አይዙትም የሚሉም አሉ። ጉዳዩ አልተዘጋም።

በአንድ ነገር ላይ ግን ስምምነቱ ይበረታል። ሙቀት ሲጨምር ከአፈርና ከዕፅዋት የሚተነው ውኃ ይጨምራል። በ2023 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት የ2020–2022ቱ ድርቅ በሰው ሠራሽ የሙቀት መጨመር ምክንያት የመከሰት ዕድሉ 100 እጥፍ ያህል ከፍ ማለቱን ገምቷል፤ ዋናው ምክንያትም የትነቱ መጨመር ነው። ዝናቡ እንደ ድሮው ቢሆን እንኳ መሬቱ እንደ ድሮው አይረጥብም ማለት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ዝናብ ደግሞ የመጨመር አዝማሚያ አለው። አንዱ ወቅት ሲደርቅና ሌላው ሲያጥለቀልቅ የዓመቱ ድምር ሳይለወጥ ኑሮው ሊናጋ ይችላል።

ትንበያው ምን ይላል፣ እኛስ ምን እንሰማለን?

ከየወቅቱ በፊት የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል የአባል አገራቱን ባለሙያዎች ሰብስቦ የጋራ ትንበያ ያወጣል። ትንበያው ዝናቡን ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች ብሎ በሦስት ይከፍላል። ምንም መረጃ ባይኖር እያንዳንዱ 33 በመቶ ዕድል አለው። «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ» ሲባል ድርቅ ይመጣል ማለት አይደለም፤ ከመደበኛ በታች አለመሆኑ አሁንም 55 በመቶ ዕድል አለው። ዜናው ግን ብዙ ጊዜ «ድርቅ ተተነበየ» ብሎ ያልፋል፤ ወቅቱ ደርሶ ድርቁ ባይመጣ ሰው ትንበያን መናቅ ይጀምራል።

በሰሜን ኬንያዋ ማርሳቢት በ2010፣ በቦረና በ2012 የተጀመረው የእንስሳት መድን ይህን ክፍተት በሌላ መንገድ ለመሙላት የሚሞክር ነው። የሞተ ከብት አይቆጥርም፤ የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት ለክቶ ከተወሰነ ደረጃ ሲወርድ ይከፍላል። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ሳተላይቱ አረንጓዴውን ሁሉ አንድ ያደርገዋል፣ ከብት የማይበላውን ቁጥቋጦ ሣር ብሎ ሊቆጥር ይችላል። ጥቅሙም የዚያኑ ያህል ነው፤ ገንዘቡ ከብቱ ሳይሞት ሊደርስ ስለሚችል ድርቆሽ ይገዛበታል።

በነሐሴ 2023 የወጣው የጋራ ትንበያ መጪው ደይር ከመደበኛ በላይ እርጥብ እንደሚሆን ከፍ ባለ እርግጠኝነት ተናግሮ ነበር። በለድወይን በኅዳር ስትጥለቀለቅ ብዙዎች ቀድመው ወደ ከፍታ ቦታ ወጥተዋል። በዚያው ጊዜ በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በትግራይና በአማራ ክልል ደረቅ ወረዳዎች፣ የከሸፈው የክረምት ዝናብ ያስከተለው የምግብ እጥረት መታየት ጀምሮ ነበር። ሁለቱም የአንድ ኤልኒኞ ሥራ ናቸው፤ የሚጠይቁት ዝግጅት ግን አንዱ ጀልባና ከፍታ ቦታ፣ ሌላው እህልና መኖ ነው፤ ወራቸውም አይገጥምም።